ያልተከፈለን የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ ማስመለስ፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ቼኩ

አሜሪካ ውስጥ ኪያሩን፣ ቲማቲሙን፣ እንጆሪውንና ወይኑን የሚለቅሙት በአብዛኛው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ሕጉ ለእነሱ ሁልጊዜም ዘግይቶ ነው የደረሰው። በ1935 የወጣው የሠራተኛ ማኅበር ሕግ የእርሻ ሠራተኛን ለይቶ አስቀርቷል። በ1938 የወጣው የደመወዝ ሕግም ሲወጣ አላቀፋቸውም፤ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ወደ እርሻው የተዘረጋው በ1966 በተደረገ ማሻሻያ ነው። የፌዴራሉ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዛሬም አይመለከታቸውም። ያም ሆኖ በእጅ ያለው ሕግ በአግባቡ ከተሠራበት ገንዘብ ያስመልሳል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሠራተኛም ቢሆን ለሠራው ሥራ ደመወዙን የመጠየቅ መብት አለው።

ይህ መመሪያ በማኅበራዊ አገልግሎት፣ በክሊኒክ፣ በቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ወይም በሕግ ቢሮ ሥራቸው እነዚህን ሠራተኞች ለሚያገኙ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው። የጠበቃን ሥራ አይተካም። የሚያሳየው ከጠበቃው በፊት የሚሠራውን ነው፤ ብዙው ጉዳይ የሚያሸንፈውም የሚከሽፈውም እዚያ ነውና። ዋናው ነገር ሰዓት ነው። አሠሪው የጻፈው ሰዓት አለ፣ ሠራተኛው የሠራው ሰዓት አለ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የመጀመሪያው ብቻውን ይቀራል።

1. መቼ፣ የት፣ ምን ይዞ መሄድ

ሠራተኛውን በሥራ ሰዓት ማሳ ላይ ሄዳችሁ አታናግሩት። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ማዮርዶሞ የሚሉት፣ የእኛ ሰው ካቦ የሚለው፣ ከማን ጋር እንደተነጋገረ ያያል፤ በማግስቱ ሥራ የሚከለከለው እናንተ አይደላችሁም። የሚሻለው ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ታጥበው ራት ሲያበስሉ ነው። እሑድ ደግሞ ላውንድሮማት፣ የላቲኖ ሱቅ፣ ኳስ ሜዳና ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ግቢ። ላውንድሮማት ውስጥ ልብስ እስኪታጠብ ሰው አርባ ደቂቃ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ የተሻለ የቃለ መጠይቅ ቦታ አይገኝም።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። ሠራተኞቹ የሚያድሩት በገበሬው ግቢ ባለ ካምፕ ከሆነ የመግቢያ መብቱ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ስቴት ቪ ሻክ በተባለው ጉዳይ፣ ባለእርሻው የእርዳታ ሠራተኛንና ጠበቃን ካምፑ ውስጥ ሠራተኛ እንዳይጎበኙ ሊከለክል አይችልም ብሏል። ሌላ ስቴት ከሆናችሁ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን የእርሻ ሠራተኞች የሕግ እርዳታ ቢሮ ጠይቁ። ውጡ ከተባላችሁ ሳትከራከሩ ውጡ፣ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል በቃል ጻፉ።

የምትይዙት ዕቃ ትንሽ ነው፦ ኪስ የሚገባ ካላንደር፣ እርሳስ፣ ከስልክ ሽፋን ጀርባ የሚሸጎጥ የስልክ ቁጥር ካርድ። እርሳሱን በእስክሪብቶ አትተኩት፤ እስክሪብቶ በላብና በጤዛ ይለቃል። ትልቅ በራሪ ወረቀትም አትበትኑ። አልጋ ላይ የተገኘ ወረቀት ለካቦው ስም ይሰጠዋል።

2. የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

ማን እንደሆናችሁ፣ ከየትኛው ድርጅት እንደመጣችሁና አገልግሎቱ ነፃ መሆኑን ተናገሩ። ወዲያው ደግሞ «ኖ ሶሞስ ዴ ላ ሚግራ» በሉ፤ ከኢሚግሬሽን አይደለንም ማለት ነው። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ አንተና እርስዎ አለው። ስፓኒሽ የተማረ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ ከጓደኛ ስለለመደ «ቱ» ይላል፤ የአምሳ ዓመት ሰው ግን «ኡስቴድ» ነው የሚባለው። በዕድሜ የገፉትን «ዶን» ወይም «ዶኛ» ብላችሁ ስማቸውን አስከትሉ። ቀኑን ሙሉ በካቦ ሲመናጨቅ ለዋለ ሰው ይህች ቃል ብዙ ትናገራለች።

የመኖሪያ ፈቃድ አትጠይቁ። ቢነግሯችሁም ማስታወሻችሁ ላይ አትጻፉት። ጠበቃ ካልሆናችሁና በጠበቃ ሥር ካልሠራችሁ የጻፋችሁት ነገር በሕግ የተጠበቀ ምስጢር አይደለም፤ ሌላው ወገን ፍርድ ቤት ሊጠይቀው ይችላል። ጠበቃው ማወቅ ካስፈለገው ራሱ ይጠይቃል።

ገንዘብ እናስመልስላችኋለን ብላችሁ ቃል አትግቡ። «ሰዓቱን አብረን እንጻፍና ጠበቃ ይየው» በቂ ነው።

3. ስፓኒሽ የአፍ መፍቻው ነው?

ይህን እርምጃ ብዙ ቢሮ ይዘለዋል። ከኦዋሃካና ከጌሬሮ የመጡ ብዙዎች የአፍ መፍቻቸው ሚሽቴኮ፣ ሳፖቴኮ ወይም ትሪኪ ነው፤ ከጓቴማላ የመጡት ማም፣ ኪቼ ወይም ቃንሆባል ይናገራሉ። ስፓኒሽ ገበያ ላይ የለመዱት ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ለማንኛውም ጥያቄ «ሲ፣ ሲ» የሚል ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም፤ ምናልባት አልገባውም። የሲዳማ ገበሬ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ አማርኛ አስተርጓሚ ሲመደብለት ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል።

ስለዚህ «ስፓኒሽ ይችላሉ?» አትበሉ፤ መልሱ ሁሌም አዎ ነው። «ኬ ኢዲዮማ አብላን ኤን ሱ ካሳ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቤታችሁ ውስጥ ምን ቋንቋ ነው የምትናገሩት እንደማለት ነው። ከዚያ መንደሩን ጠይቁና ጻፉ። ሚሽቴኮ ከመንደር መንደር እስከማይግባባ ድረስ ይለያያል፤ ሳን ህዋን ሚሽቴፔክ የተወለደ አስተርጓሚ ለሌላው አካባቢ ሰው ላይሆን ይችላል። በምንም ምክንያት ካቦውን፣ የካቦውን ዘመድ ወይም የሠራተኛውን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ።

4. ቀጣሪው ማን ነው?

ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ኮንትራቲስታውን፣ ሠራተኛ ሰብስቦ ለእርሻው የሚያቀርበውን ሰው ነው፤ ያውም በቅጽል ስሙ። ኮንትራቲስታው ነገ ስልኩን ቀይሮ ይጠፋል። መሬቱ ግን የትም አይሄድም። በ1983 የወጣው የተዘዋዋሪና የወቅት እርሻ ሠራተኞች ጥበቃ ሕግ ጥሩ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ ባለእርሻው በሥራው ላይ በቂ ቁጥጥር ካለው ከኮንትራቲስታው ጋር አብሮ አሠሪ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ማን ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ ለቀማው መቼ እንደሚጀመር ማን እንደሚወስን፣ ባልዲውና ትራክተሩ የማን እንደሆነ ዘርዝራችሁ ያዙ።

ሠራተኛው በራሱ ስልክ ሦስት ፎቶ እንዲያነሳ ንገሩት፦ ምርቱ የሚገባበትን ካርቶን ከነማርኩ፣ የማሳውን መግቢያ ምልክት፣ የሚያመላልሰውን መኪና ታርጋ። የኮንትራቲስታው ስም በፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በሌበር ዲፓርትመንት፣ የተመዘገቡ ኮንትራክተሮች ዝርዝር ውስጥ መኖሩንም እዩ፤ ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ሳይመዘገብ ሠራተኛ መመልመል በራሱ ጥሰት ነው፣ ያልተመዘገበውን ያሠራ ባለእርሻም ይጠየቃል።

ይኸው ሕግ ምልመላው ሲደረግ የሥራው ቦታ፣ የክፍያው መጠን፣ የሥራው ዘመንና የሚቆረጠው ሁሉ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ እንዲሰጠው ያስገድዳል። «በሰዓት 15 ዶላር ተብለን መጥተን 11 ተከፈለን» የሚል ሰው ዝቅተኛው ደመወዝ ባይጎድልበትም በተጣሰው ቃል መክሰስ ይችላል። ፍርድ ቤት ለአንድ ሠራተኛ ለአንድ ጥሰት እስከ 500 ዶላር ሊፈርድ ይችላል።

5. ሰዓቱን ማውጣት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ለአንድ ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ያህል መድቡ።

በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማውንት ክሌመንስ በተባለው ጉዳይ ያስቀመጠው መርህ ዛሬም ይሠራል፦ አሠሪው ትክክለኛ መዝገብ ካልያዘ፣ ሠራተኛው ምክንያታዊ ግምት ማቅረቡ ይበቃዋል፣ ከዚያ ማስተባበሉ የአሠሪው ዕዳ ይሆናል። የእርሳሷ ካላንደር ፍርድ ቤት የምትገባው በዚህ በር ነው።

ከመጨረሻው የክፍያ ቀን ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። «በሳምንት ስንት ሰዓት ሠሩ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ማንም በሳምንት ቆጥሮ አያስታውስም። ይልቅ የቀኑን ችንካሮች ፈልጉ። ራይቴሮው፣ ማለትም ገንዘብ ተቀብሎ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ስንት ሰዓት ላይ ደወለ? ጥሪው ስልኩ ውስጥ አለ። ዋትሳፕ ላይ ለባለቤቱ «ወጣሁ» ያለበት ሰዓት አለ። ማሳ ላይ የተነሳ ፎቶ ቀንና ሰዓት ይዟል። ለቤተሰብ ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ የክፍያውን ቀን ያስታውሳል። ዝናብ የጣለበት ቀን ሥራ አልነበረም። እነዚህ ከተተከሉ በመካከላቸው ያለው ራሱ ይመጣል።

ሥራ ተብሎ የሚቆጠረውን ለይታችሁ እወቁ። ማሳ ላይ ደርሰው፣ ጤዛው እስኪደርቅ አትጀምሩ ተብለው የቆሙበት ሰዓት ሥራ ነው። ከአንድ ማሳ ወደ ሌላ የተጓዙበት፣ ባልዲ ያጠቡበት፣ በግዴታ ሥልጠና የተቀመጡበትም ሥራ ነው። ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆኑበት የግማሽ ሰዓት ምሳ አይቆጠርም። ከቤት ወደ ማሳ የሚደረገው ጉዞ ብዙውን ጊዜ አይቆጠርም፤ ሆኖም ለብቻው መዝግቡት፣ ጠበቃው ይወስናል።

ስህተት የሚበዛባቸውን ልጥቀስ። አንደኛ፣ ሁሉንም ቀን «ከ6 እስከ 6» ብሎ መሙላት። አርባ ቀን ተመሳሳይ ሰዓት ያለበት ካላንደር የተፈበረከ ይመስላል፣ የአሠሪው ጠበቃም መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ «ከ5፡45 እስከ 6፡15 ባለው ጊዜ ጀመርን» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የኋላውን በትውስታ ሞልቶ በየቀኑ የተጻፈ ማስመሰል። በትውስታ የተሞላው ገጽ ላይ «በማስታወስ የተሞላ» ብላችሁ የሞላችሁበትን ቀን አስፍሩ። ሦስተኛው የእኛ የራሳችን ነው። የአማርኛ ሰዓት ከእነሱ በስድስት ሰዓት ይርቃል። በልማድ «ከጠዋቱ 12 እስከ 10 ተኩል» ብላችሁ በማስታወሻችሁ ጽፋችሁ ኋላ ሌላ ሰው ሲገለብጠው ሠራተኛው እኩለ ቀን ላይ ሥራ የገባ ይሆናል። ከመጀመሪያው 6፡00 ጠዋት፣ 4፡30 ከሰዓት ብላችሁ በእነሱ ጻፉ። ቀኑንም ወሩን በስሙ ጻፉት፤ 8/9 ለአሜሪካዊው ኦገስት 9፣ ለሜክሲኮው ሴፕቴምበር 8 ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛው በየምሽቱ አራት ነገር ይጽፋል፦ የጀመረበት፣ የጨረሰበት፣ ምሳ የወሰደው ደቂቃ፣ የሞላው ባልዲ ብዛት። መጻፍ የማይችል ከሆነ በየምሽቱ ለራሱ ዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ይላክ፤ ቀንና ሰዓቱ አብሮ ይመዘገባል።

6. ታሎኑን አንብቦ ማስላት

ታሎን ዴ ቼኬ የሚሉት የደመወዝ ስሊፕ ነው። በሕጉ መሠረት የሠራው ሰዓት፣ የተሠራው ብዛት፣ የክፍያው መሠረት፣ ጠቅላላ ገቢ፣ እያንዳንዱ ተቀናሽ ከነምክንያቱና የአሠሪው ስምና አድራሻ መኖር አለበት። ሰዓት የሌለው ታሎን በራሱ ማስረጃ ነው፤ ሁሉንም ሰብስቡ።

ለስሌት እንዲመች አንድ ሳምንት እንውሰድ። ቦታው የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ፣ ከ2009 ጀምሮ ያልተነሳው 7.25 ዶላር፣ የሚሠራበት ስቴት ነው። ኪያር ለቀማ፣ በባልዲ 65 ሳንቲም። ወቅቱ እያለቀ ስለሆነ ተክሉ ተራቁቷል፤ ሠራተኛው በሳምንቱ 500 ባልዲ ሞላ፣ 325 ዶላር ተከፈለው። ታሎኑ ላይ 38 ሰዓት ተጽፏል። 325 ለ38 ሲካፈል 8.55 ይሆናል፣ ሕጋዊ ይመስላል። ካላንደሩ ግን ሌላ ይላል፦ ከ6፡00 ጠዋት እስከ 4፡30፣ ግማሽ ሰዓት ምሳ ሲቀነስ በቀን 10 ሰዓት፣ ለ6 ቀን 60 ሰዓት። 60 በ7.25 ሲባዛ 435 ዶላር ነው። የጎደለው 110 ዶላር። እንዲህ ዓይነት 9 ሳምንት ካለ 990። ሕጉ በጎደለው ልክ ተጨማሪ ካሣ ስለሚፈቅድ ጥያቄው 1,980 ዶላር ይደርሳል።

22ቱ ሰዓት የት ጠፋ? አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልቆጠረውም። ቢሮው ባልዲውን በገንዘብ አባዝቶ፣ ድምሩን ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የሚያደርገውን ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ ያስገባል። የብዙ ሠራተኞች ታሎን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይህ ይታያል፦ አንድ መኪና ውስጥ አብረው ሄደው አብረው የተመለሱ ሰዎች አንዱ 31፣ አንዱ 38፣ አንዱ 44 ሰዓት ተጽፎላቸዋል፤ ሰዓቱ የሚከተለው ፀሐይን ሳይሆን የባልዲውን ቁጥር ነው። ስለዚህ ከአንድ ቡድን ቢያንስ የሦስት ሰው ታሎን ለማግኘት ጣሩ።

ባልና ሚስት በአንድ ካርድ የሚሠሩበትንም ፈልጉ። ባልዲው ሁሉ በባል ስም ይቆጠራል፣ አንድ ቼክ ይወጣል፣ ሚስት ወረቀት ላይ የለችም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሰዓት ዝቅተኛውን ክፍያ የማግኘት መብት አለው፤ ሁለት ካላንደር፣ ሁለት ስሌት አውጡ። ሴቲቱን ለብቻዋ አነጋግሯት። ከካቦው የሚደርስባትን ትንኮሳ ባሏ ፊት አትናገርም፤ የወሲብ ትንኮሳ አቤቱታ ደግሞ እንደ ስቴቱ በ180 ወይም በ300 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል።

የባልዲ ልክ ሌላው ጉዳይ ነው። ከአፍ በላይ ተከምሮ እንዲሞላ ማስገደድ፣ እነሱ ኮፔቴ የሚሉት፣ ያልተከፈለ ምርት ነው። በፍሎሪዳ የኢሞካሊ ሠራተኞች ኅብረት በ1993 ተነስቶ፣ በኋላ ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ፌር ፉድ ፕሮግራም ይህን በተሳታፊ እርሻዎች አስቀርቶታል፤ 32 ፓውንድ የሚይዘው የቲማቲም ባልዲ እስከ አፉ ብቻ ይሞላል።

የስቴቱን ሕግ ሳታዩ ስሌቱን አትዝጉ። ካሊፎርኒያ ከ2016 ጀምሮ በቁጥር፣ ማለትም በባልዲ ብዛት፣ ለሚከፈለው ሠራተኛ የዕረፍቱና ሥራ ሲጠብቅ የቆመበት ሰዓት ለብቻው እንዲከፈል ታዛለች፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮም በትናንሽ እርሻዎች ሳይቀር ከቀን 8፣ ከሳምንት 40 ሰዓት በላይ ትርፍ ሰዓት አለ። ዋሽንግተን ስቴት ከ2024 ጀምሮ ከ40 ሰዓት በላይ ላለው ትርፍ ሰዓት ታስከፍላለች። ኦሪገንና ኒው ዮርክ ወደ 40 ሰዓት በየደረጃው እየወረዱ ነው። በተቃራኒው የፌዴራሉ ሕግ ትንሽ እርሻን ነፃ ያደርጋል፦ በቀደመው ዓመት በየትኛውም ሩብ ዓመት ከ500 የሰው-ቀን በላይ ያላሠራ አይገደድም፤ አንድ ሰው የሠራበት አንድ ቀን አንድ የሰው-ቀን ነው። 500 የሰው-ቀን በግምት ሰባት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው። አንዲት ቤተሰብ የምታርሰው ትንሽ ማሳ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

7. ኤች-ቱ-ኤ ቪዛ ያለው ሠራተኛ

ኤች-ቱ-ኤ ለወቅታዊ የእርሻ ሥራ ከውጭ ለሚመጣ ሠራተኛ የሚሰጥ ቪዛ ነው፤ ሠራተኛውን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የካፋላን ሥርዓት ያየች እህት ያላት አንባቢ ስሜቱን ማስረዳት አያስፈልጋትም፤ ሥራውን ጥሎ የወጣ ሰው ቪዛውንም ይጥላል። ልዩነቱ እዚህ የተጻፈ ውል መኖሩ ነው፣ ያም ጆብ ኦርደር ይባላል። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ሠራተኛው ከሌለው ሌበር ዲፓርትመንት ለሕዝብ ያወጣዋል።

በውሉ መሠረት ቤት ነፃ ነው፣ ከቤት ወደ ማሳ መጓጓዣ ነፃ ነው፣ መሣሪያ ነፃ ነው። ከአገሩ የመጣበት ወጪ የውሉ ግማሽ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ጨርሶ ሲሄድ የመመለሻው ይከፈላል። ዋናው ደግሞ የሦስት አራተኛ ዋስትናው ነው። ውሉ 20 ሳምንት በ40 ሰዓት፣ ማለትም 800 ሰዓት ከሆነ፣ አሠሪው ቢያንስ 600 ሰዓት ሥራ ማቅረብ አለበት። 520 ብቻ ካቀረበ የ80 ሰዓት ዕዳ አለበት፣ ሰብሉ ቢበላሽበትም ባይበላሽበትም ውሉ በሕጉ መንገድ እስካልተቋረጠ ድረስ።

ሠራተኛው ተናዶ ከሄደ ግን ዋስትናውንም የመመለሻ ትኬቱንም ያጣል። ያለ ፈቃድ አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን የቀረ ሥራውን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር «ከመውጣትዎ በፊት ጠበቃ ያናግሩ» ነው፤ ያውም ዛሬ ማታ። ከአንድ ነገር በቀር፦ አደጋ ላይ ከሆነ ይውጣ።

ምልመላ ክፍያ ክልክል ነው። ብዙዎች ግን ቆንስላው ጋ «ምንም አልከፈልኩም» እንዲሉ ተመክረው ነው የመጡት፣ ለእናንተም ያንኑ ይላሉ። ክፍያ የምትለዋን ቃል ተዉና «ለመምጣት ከማን ተበደሩ? ወለዱ ስንት ነው? ምን አስያዙ?» በሉ። ፓስፖርቱን የወሰደበት ሰው ካለ፣ ዕዳ እስክትከፍል አትሄድም ከተባለ ጉዳዩ ከደመወዝ አልፎ የሰው ንግድ ሊሆን ይችላል። የአገር አቀፉ መስመር 1-888-373-7888 ነው፤ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የሚጠብቅ ልዩ ቪዛም አለ።

8. የት ማመልከት

ሦስት በር አለ። የሌበር ዲፓርትመንት የደመወዝና ሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 በስፓኒሽም ይቀበላል፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም፣ የአመልካቹን ስም ያለ ፈቃዱ ለአሠሪው አይሰጥም። የስቴቱ የሠራተኛ ቢሮ ሁለተኛው ነው፤ እንደ ካሊፎርኒያ ጠንካራ ሕግ ባለበት እሱ ይሻላል። ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው።

ልብ በሉ፣ ሌበር ዲፓርትመንት ማመልከት የፍርድ ቤቱን ሰዓት አያቆመውም። የፌዴራሉ የደመወዝ ጥያቄ በ2 ዓመት፣ ሆን ተብሎ ከሆነ በ3 ዓመት ይቃጠላል፣ የሚቆመውም ክስ ሲመሠረት ብቻ ነው። መርማሪው አንድ ዓመት ከቆየ አንድ ዓመት ደመወዝ ከኋላ እየተቆረጠ ነው። ስለዚህ አመልክታችሁ አትቀመጡ፤ ጠበቃ አሳዩ። በተጨማሪ መርማሪው ገንዘብ አስገኝቶ ደብሊው ኤች-58 የሚባል ደረሰኝ ሲያቀርብ፣ ሠራተኛው ፈርሞ ከወሰደ ለዚያው ደመወዝ በግሉ የመክሰስ መብቱን ይለቃል። ድምሩ ካላንደሩ ላይ ካለው ጋር ካልተቀራረበ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ይየው።

የጠበቃ ቢሮ ስትመርጡ የገንዘቡን ምንጭ ጠይቁ። በፌዴራሉ የሊጋል ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን የሚደጎሙ ቢሮዎች፣ ለምሳሌ በ1966 የተመሠረተው ካሊፎርኒያ ሩራል ሊጋል አሲስታንስና ቴክሳስ ሪዮግራንዴ ሊጋል ኤይድ፣ የኤች-ቱ-ኤ ሠራተኛን በውሉ ጉዳይ ይወክላሉ፤ ወረቀት የሌለውን ግን በአብዛኛው እንዳይወክሉ ሕግ ይከለክላቸዋል። ለእሱ ያንን ገንዘብ የማይወስድ ቢሮ ያስፈልጋል። ሠራተኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ ደግሞ ሴንትሮ ዴ ሎስ ዴሬቾስ ዴል ሚግራንቴ ሜክሲኮ ውስጥ ቢሮ አለው። ሰውን ያለ ማጣራት ከቢሮ ቢሮ ማንከራተት እምነቱን ይጨርሰዋል፤ ደውላችሁ አረጋግጡና ላኩት።

ኖታሪዮ ጋ እንዳይሄዱ አስጠንቅቁ። በላቲን አሜሪካ ኖታሪዮ ፑብሊኮ የተማረና ሥልጣን ያለው የሕግ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ኖታሪ ፊርማ የሚያረጋግጥ ብቻ ነው፣ ማንም በትንሽ ክፍያ ይሆነዋል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሰዎች ሺህ ዶላር ከፍለው የተሳሳተ ፎርም ይሞሉላቸዋል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ራሱን ጠበቃ ያስመሰለ ጉዳይ አስፈጻሚ እንደማለት ነው፤ እንዲህ ብላችሁ ልዩነቱን አስረዱ።

9. ቢያስፈራሩት

በማመልከቱ ማባረር፣ ሰዓት መቀነስ፣ ከካምፕ ማስወጣት፣ ኢሚግሬሽን እጠራለሁ ማለት በሕግ የተከለከለ በቀል ነው። የሚረጋገጠው ግን በቅደም ተከተል ነው፦ ቅሬታው የቀረበበት ቀን፣ አሠሪው ያወቀበት ቀን፣ እርምጃው የተወሰደበት ቀን። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲያጥር ማስረጃው ይጠነክራል። ዛቻው በስልክ መልእክት ከመጣ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ለሌላ ሰው ይላክ፤ ስልክ ይጠፋል። የስልክ ንግግር በድብቅ መቅዳት በካሊፎርኒያ፣ በፍሎሪዳና በዋሽንግተን የሁሉንም ተናጋሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ጠበቃ ሳትጠይቁ አትምከሩት።

አደጋው እውነት ነው፣ ለሠራተኛውም እንደዚያው ንገሩት። ሕጉ በቀልን ይከለክላል ማለት በቀል አይመጣም ማለት አይደለም። የሚወስነው እሱ ነው።

10. የማይቆይ ነገር

ደመወዝ ወር ይጠብቃል፤ ኬሚካልና ሙቀት አይጠብቁም። ፀረ-ተባይ የነካው ሰው ልብሱን ያውልቅ፣ በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ወደ መርዝ መረጃ መስመሩ 1-800-222-1222 ይደወል፤ ከተንቀጠቀጠ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ለሃጭ ከበዛበት ወይም መተንፈስ ካቃተው 911። ሐኪሙ የፀረ-ተባዩን ስም ስለሚፈልግ የመያዣውን ምልክት ፎቶ ያንሱ። አሠሪው ስለ ኬሚካሉ ለሐኪም መረጃ የመስጠትና ወደ ሕክምና የማድረስ ግዴታ አለበት። ልብሱን ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ።

በሙቀት፣ ካሊፎርኒያ ለአንድ ሰው በሰዓት አንድ ኳርት፣ ወደ አንድ ሊትር፣ ውሃ፣ ከ80 ፋራናይት ጀምሮ ጥላ ታዛለች። በቁጥር የሚከፈለው ሠራተኛ ውሃ ለመጠጣት ሲቆም ባልዲ ስለሚጎድለው አይቆምም፤ የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ግራ የተጋባ፣ የሚንተባተብ ሰው ካያችሁ አምቡላንስ ጥሩ፣ እስኪመጣ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት። ለሌላው ሕመም በ1962 በወጣው ሕግ የተቋቋሙት የተዘዋዋሪ ሠራተኞች ጤና ጣቢያዎች በገቢ ልክ ያስከፍላሉ።

11. ገንዘቡ ሲወጣ

ገንዘቡ በወጣበት ጊዜ ሠራተኛው ሌላ ስቴት፣ ምናልባት አገሩ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን የእሱን ስልክ ብቻ አትያዙ፤ ቁጥሩ በየወቅቱ ይቀየራል። የማይንቀሳቀስ ሰው ስልክ ጠይቁ፣ የእናቱን ወይም የእህቱን፣ በመንደራቸው።

ስሙን በጥንቃቄ ጻፉ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ መጀመሪያ የአባት፣ ቀጥሎ የእናት። ጋርሲያ ሎፔስ የሚባለው ሰው በአሠሪው መዝገብ ሎፔስ ተብሎ ገብቶ ቼኩ በዚያ ይወጣል፣ መታወቂያው ግን ጋርሲያ ይላል፣ ባንኩም ይመልሰዋል። የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖበት የተቸገረ ኢትዮጵያዊ ይህን አያጣውም። ፓስፖርት ላይ ወይም የቆንስላ መታወቂያ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ቅዱ፣ በታሎኑ ላይ ያለውን የተለየ አጻጻፍ ደግሞ ከጎኑ ጻፉ።

ሌበር ዲፓርትመንት ያስመለሰውን፣ ባለቤቱ ግን ያልተገኘለትን ደመወዝ 3 ዓመት ብቻ ያቆያል፤ ከዚያ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። በድረ ገጹ ላይ በአሠሪው ስም መፈለጊያ አለ። የድሮ ሠራተኛ ስታገኙ ከዚህ በፊት የሠራባቸውን አሠሪዎች ሁሉ አስጽፉና ፈልጉለት፤ ሠራተኛውን በጋርሲያም፣ በሎፔስም፣ በሁለቱም ተያይዘው።